«ዝም አይነቅዝም» መሥሪያ ቤት ውስጥ አይሠራም

የዛሬዋ ጠያቂያችን ስሟ እንዳይገለጽ ጠይቃለች። ደብዳቤዋ ትንሽ አጠር ብሎ እነሆ፦

«ሰላም እትዬ። ዕድሜዬ 24 ነው። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ አደግኩ፣ በአካውንቲንግ ተመረቅኩ፣ አሁን መርካቶ አካባቢ አንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ከገባሁ 11 ወር ሆነኝ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ እገባለሁ፣ ማታ መጨረሻ ላይ እወጣለሁ። የታዘዝኩትን እሠራለሁ። ከማንም ተጣልቼ አላውቅም። ምሳ ቋጥሬ ስለምመጣ ብዙ ጊዜ ወንበሬ ላይ ሆኜ እየሠራሁ ነው የምበላው። ከእኔ ጋር በአንድ ቀን የተቀጠረ ልጅ ግን ባለፈው ወር ዋና መሥሪያ ቤት ብድር ክፍል ተመደበ። የውስጥ ማስታወቂያ ወጥቶ እንደነበር እንኳ የሰማሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ምዘና ላይ ‹ጎበዝ ነሽ፣ ኢኒሼቲቭ ግን ይቀርሻል› አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመጠየቅ አፈርኩ። ከሰው ጋር አልግባባም እንዳልል፣ ባልደረቦቼ ሲቸኩሉ ፓስወርዴን ሳይቀር እሰጣቸዋለሁ። ሌላው ሰው የሚያውቀው፣ ለእኔ ብቻ ያልተነገረኝ ሕግ አለ? ወይስ ማሸርገድ ልማር? እንደ ታላቅ እህት ይምከሩኝ። ምሳ ከእነሱ ጋር ውጭ ልብላ እንዳልል ደግሞ ደመወዜ አይችለውም።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ልጁና ስለ ምዘናሽ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን እንደ ቀላል ነገር ያለፍሽው አንድ መስመር ላይ ቀረሁ። ፓስወርድሽን ትሰጫለሽ። ከሁሉ በፊት እሱን እንጨርስ፣ ምክንያቱም የቀረው ምክሬ የሚጠቅምሽ ሥራሽ ላይ ከቆየሽ ነው።

ነገ ጠዋት ኮምፒውተርሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ ፓስወርድሽን ቀይሪ። ከዚያ በኋላ ለማንም አትስጪ። ለጓደኛም፣ ለሱፐርቫይዘርም፣ ለሥራ አስኪያጅም። ባንክ ውስጥ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል፤ ማከርና ቼከር የምትሉት እሱ ነው። ካዝናው በአንድ ሰው ብቻ እንዳይከፈት ቁልፉ ለሁለት ሰው የሚሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከኋላው የሰው ስም አለ። ለቸኮለ ባልደረባ ፓስወርድሽን ስትሰጪ ያበደርሽው ፊርማሽን ነው። ከስድስት ወር በኋላ ኦዲተር መጥቶ አንድ የማይገባ ክፍያ ቢያገኝ ሲስተሙ የሚያወጣው የአንቺን ስም ነው፣ «ቸኩላ ስለነበረች ሰጠኋት» ብትዪ ደግሞ መልሱ ራሱ ሌላ ጥፋት ይሆንብሻል። ስትቀጠሪ ዋስ አምጪ ተብለሽ አልነበር? አጎትሽ ይሁኑ የአባትሽ ጓደኛ፣ ደመወዝ ያላቸው አንድ ሰው አንቺን አምነው ፈርመዋል። ፓስወርድሽ ሲወጣ የእሳቸው ፊርማም አብሮ ይወጣል።

እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ ይገባኛል። ስለዚህ ቃሉን ልስጥሽ። «ይቅርታ፣ ኦዲት ላይ ያስጠይቀኛል፣ አልችልም። ደንበኛውን ግን ወደ እኔ ላኪው፣ እኔ ልጨርስለት።» በቃ። ማብራሪያ አትጨምሪ። አንድ ሳምንት ፊት ሊያዞሩብሽ ይችላሉ። ይረሱታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ያልተጻፈ ሕግ አለ ወይ? አለ። ግን ማንም ከአንቺ አልደበቀውም። ብዙው ሰው ራሱ ሕግ መሆኑን ልብ አይለውም፣ ስለዚህ ተቀምጦ አያስተምርሽም። የሚወራው በቡና ሰዓት ነው። ወረፋው ሲቀል፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ለቅሶ ሲኬድ መኪና ውስጥ። አንቺ ደግሞ በዚያ ሰዓት ወንበርሽ ላይ ነሽ። እየሠራሽ! ይሄ ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ጥፋት አላጠፋሽም፣ ትክክል ነው ብለሽ ያመንሽውን ነው የምታደርጊው።

እኔም ያደግኩት እንዳንቺ ነው። ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ያዳምጣል። «ዝም አይነቅዝም» ይሉን ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይሆንም» ይሉን ነበር። ጨዋ ልጅ አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ ሠራሁ ብሎ አያወራም። ይህን አስተዳደግ አልንቅም፣ ብዙ ነገር አትርፎልኛል። ግን ቤት ውስጥ ለምን እንደሚሠራ አስቢው። ቤት ውስጥ እናትሽ ታይሻለች። ቤቱን ጠርገሽ ዝም ብትዪ እግሯ ሲገባ ወለሉን ታያለች፣ ማን እንደጠረገውም ታውቃለች። ሥራ አስኪያጅሽ ግን ሃያ ሰው ይመራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ያነጋግራሉ፣ ከዋና መሥሪያ ቤት ስልክ ይደወልላቸዋል፣ የዴፖዚት ታርጌት፣ ማለትም ሰብስቡ የተባሉት የተቀማጭ ገንዘብ መጠን፣ አንገታቸው ላይ ነው። የአንቺን ወለል አያዩትም። ዝም ስትዪ ጨዋነትሽን አያነቡም። የሚያነቡት ሌላ ነው፦ ይህች ልጅ ባለችበት ደስተኛ ናት፣ ሌላ ነገር አትፈልግም። ምናልባትም ሌላ ነገር አትችልም።

እነዚያው አባቶቻችን እኮ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለውም ተርተዋል። ድሮ ሹመት የፈለገ ሰው የጌታው ደጅ ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆሞ ደጅ ይጠና ነበር። እዩኝ ማለት ነው። እኔ ደጅ ጥኚ አልልሽም፣ ያ ዘመን ባይመለስ ደስ ይለኛል። ግን የዚያን ጊዜ ሰው አንድ ነገር ገብቶት ነበር፤ ያልታየ ሰው አይታወስም።

«ማሸርገድ ልማር?» ብለሻል። አትማሪ። ልዩነቱ ቀላል ነው። አሸርጋጅ ስለ አለቃው ያወራል። እኔ የምልሽ ስለ ሥራሽ አውሪ ነው። የት ደረስሽ፣ ምን ከበደሽ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ትፈልጊያለሽ። አራቱንም ሳትጠየቂ፣ በጊዜ። ከዚህ ሁሉ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ያዢ ብትዪኝ ይህንኑ ነው የምልሽ፣ ቀድመሽ ተናገሪ። በተለይ የተበላሸውን።

ይህንን በምን እንደተማርኩት ልንገርሽ። ባንክ ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቀን ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ደንበኞች ነበሩኝና የአንዱን 6,000 ብር ወደ ሌላው ሂሳብ አስገባሁት። ጥሬ ገንዘቡ ስላልጎደለ ማታ ስንዘጋ ባላንስ አደረገ። ማንም አላወቀም። እኔ ግን ቫውቸሮቹን፣ የቀኑን የገቢና የወጪ ወረቀቶች፣ ሳስተካክል አየሁት። ደሜ ቀዘቀዘ። ሱፐርቫይዘሬ ሦስት ሜትር እርቀት ላይ ተቀምጠዋል፣ ተነስቼ መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም። ነገ ሰውየውን ደውዬ እለምነዋለሁ፣ ይመልሳል፣ ማንም ሳያውቅ አለቀ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንቅልፍ የሚባል አልነበረም። በማግሥቱ ስደውል ስልኩ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን ትክክለኛው ባለገንዘብ ቼክ ጽፈው ኖሮ ቼካቸው በቂ ገንዘብ የለውም ተብሎ ተመልሶባቸው እየጮሁ መጡ። ያኛው ደግሞ ብሩን አውጥቶ ጨርሶታል። ሱፐርቫይዘሬ ያሉኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «ያን ዕለት ማታ ብትነግሪኝ ሂሳቡን አግደን፣ በአምስት ደቂቃ አስተካክለን፣ ቤታችን እንሄድ ነበር።» ገንዘቡ የአራት ወር ደመወዜ ነበር። በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ከሲሶ በላይ እንዳይቆረጥ ሕጉ ስለሚከለክል አንድ ዓመት ሙሉ እየተቆረጠ ከፈልኩት። የበለጠ ያመመኝ ግን ብሩ አይደለም። ከዚያ በኋላ ለወራት ቫውቸሬን ሁለት ጊዜ ያዩት ነበር። ስለተሳሳትኩ አልነበረም፣ መሳሳትማ ሁሉም ይሳሳታል። ስለደበቅኩ ነው።

ስለዚህ ስህተት የሠራሽ ዕለት፣ ከመውጣትሽ በፊት ሄደሽ ንገሪ። ሳታለቅሺ፣ ሰበብ ሳትደረድሪ። «ይህን አጥፍቻለሁ፣ በዚህ ሰዓት፣ ይህን ያህል ነው፣ እንዲህ ቢደረግ ይስተካከላል ብዬ አስባለሁ።» ይቆጡሻል። ቁጣው ያልፋል፣ እምነቱ ይቀራል።

አሁን ያቺ «ኢኒሼቲቭ» የምትባል ቃል። ምዘና ላይ ይጥሏትና ማንም አያብራራትም። ብዙ ወጣቶች ተጨማሪ ሥራ መሸከም ይመስላቸዋል፣ ስለዚህ ማምሸት ይጀምራሉ። አይደለም። እኔ ያየሁትን ምሳሌ ልስጥሽ። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ብር ሲቀየር ታስታውሻለሽ። ሦስት ወር ነበር የተሰጠው። አሮጌው 10፣ 50 እና 100 ይገባል፣ አዲሱ ይወጣል፣ 200 የሚባል ኖት ደግሞ መጣ። ቅርንጫፉ በሰው ተጨናንቆ መቆሚያ የለም። በዚያን ጊዜ እኔ ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሥራ አስኪያጃችን ማታ ማታ ከላይ ስልክ ይደወልላቸዋል፦ ስንት አሮጌ ሰበሰባችሁ፣ ከአዲሱ ስንት ቀራችሁ፣ በኖት በኖቱ ንገሩን። ሰውየው በየምሽቱ ሳጥን ለሳጥን እየዞሩ ሲጠይቁ፣ ሲደምሩ፣ ሲናደዱ ያመሹ ነበር። ከተቀጠረ ገና ስድስት ወር ያልሞላው አንድ ልጅ ነበረን። በሦስተኛው ቀን፣ ማንም ሳያዘው፣ ከሁሉም ገንዘብ ከፋዮች ቁጥሩን ሰብስቦ በኖት በኖቱ አንድ ወረቀት ላይ አሰፈረና ስልኩ ከመደወሉ በፊት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠላቸው። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አስኪያጁ ልጁን በስሙ ነበር የሚጠሩት።

ልጁ ምን አደረገ? ከእኛ የበለጠ አልለፋም። አለቃው ከበላዩ ምን እንደሚጠየቅ አየ። በቃ ይኸው ነው ቁም ነገሩ። የአንቺ ሥራ አስኪያጅ በየሳምንቱ ስለ ምን ሪፖርት ያደርጋሉ? የሚያስጨንቃቸው ስለ አዲስ ሂሳብ ነው፣ ስለ ዴፖዚት ነው፣ ወይስ ስለ ደንበኛ ቅሬታ? ሰኔ ላይ፣ የዓመቱ ሂሳብ ሊዘጋ ሲል፣ እንቅልፍ የሚነሳቸው የትኛው ወረቀት ነው? ይህን ካወቅሽ ሥራሽን የምታስቀድሚበት ቅደም ተከተል ራሱ ይቀየራል።

የማታውቂውን ደግሞ ጠይቂ። ወደ ሥራ አስኪያጅሽ ሂጂ፣ በዚህ ሳምንት፣ ጥዋት ወረፋው ሳይጀምር ወይም ማታ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ። እንዲህ በያቸው፦ «ምዘናው ላይ ኢኒሼቲቭ ይቀርሻል ያሉኝን ሳስበው ቆየሁ። ላሻሽለው እፈልጋለሁ። ባለፉት ወራት እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ያሉበት አንድ ቀን ካለ ይንገሩኝ?» አንድ ቀን በያቸው፣ ምክንያቱም ጠቅለል አድርገሽ ከጠየቅሽ ጠቅለል ያለ መልስ ነው የምታገኚው። ያሉሽን በማስታወሻ ደብተርሽ ላይ ጻፊ፣ እያዩሽ ጻፊ። ከዚያ ሁለተኛውን አስከትዪ፦ «ወደፊት ብድር ክፍል መሥራት እፈልጋለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ እንዳውቅ ቢያደርጉኝ፣ እስከዚያም ምን መማር እንዳለብኝ ቢነግሩኝ።» (ብድር ክፍል ካልሆነ የምትፈልጊው፣ የምትፈልጊውን በያቸው። ግን መጀመሪያ ለራስሽ እወቂው።) ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰሽ ሂጂና «ያሉኝን እንዲህ አደረግኩት» በያቸው። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይረሳታል። አለቆች ግን ምክራቸውን ይዞ ሄዶ ተመልሶ የመጣ ሰው አይረሱም።

ባልደረባን ስትጠይቂም እንዲሁ ነው። ዝም ብለሽ «ይሄ እንዴት ነው?» አትበዪ። መጀመሪያ ሞክሪ፣ ከዚያ «እስከዚህ ደርሻለሁ፣ እዚህ ጋ ያዘኝ» በዪ። ሰው ሞክሮ ለመጣ ጊዜውን አይነፍግም። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አትጠይቂ፣ ጽፈሽ ያዢ።

የተጻፈውን ሕግም አንብቢ፣ ያልተጻፈውን ስንፈልግ የተጻፈውን ያነበበው ሰው ጥቂት ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመሥሪያ ቤትሽ የኅብረት ስምምነት ካለ እሱንም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጠይቀሽ ውሰጂ፣ ከአዋጁ የተሻለ ነገር ሊኖረው ይችላል። የሙከራ ጊዜሽ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነበር፣ እሱን አልፈሻል። አንድ ዓመት ስትሞዪ ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለሽ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፣ ይከፈልበታልም። «መጨረሻ ላይ እወጣለሁ» ያልሽውን ከዚህ ጋር እዪው። ሂሳብ ሲዘጋ፣ በወር መጨረሻ፣ በሰኔ፣ አምሺ፣ ሁሉም ያመሻል። ሥራሽ አልቆ ለመታየት ብቻ መቀመጥ ግን ማንም አይቆጥርልሽም፣ ይባስ ብሎ ሥራ የማትችል ሊያስመስልሽ ይችላል።

አሁን ስለ ለቅሶ። ብዙ የሥራ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ይህን አይነኩትም፣ እኔ ግን እኛ አገር ካሉት ያልተጻፉ ሕጎች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። የባልደረባሽ አባት ሲሞቱ ትሄጃለሽ። ባትቀራረቡም ትሄጃለሽ። ሰው ሠርጉን ያልመጣለትን ይቅር ይላል፣ ለቅሶውን ያልደረሰውን ግን ለዓመታት ያስታውሳል። የወለደችን መጠየቅ፣ የታመመውን ማየትም እንዲሁ። ስሌት ሠርተሽ ሂጂ እያልኩሽ አይደለም፣ ሰው ስለሆነ ሂጂ። ስትሄጂ ግን ሌላ ነገርም ይሆናል። ከመርካቶ ተነስቶ ኮተቤ ወይም አየር ጤና ድረስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሰዓት ትቀመጫላችሁ። ሱፐርቫይዘሩም፣ ጥበቃውም፣ ጽዳቷም፣ አንቺም። ማን ወዴት ሊዛወር ነው፣ የትኛው ክፍል ሰው ጎድሎታል፣ ፈተናው ላይ ምን ይጠየቃል፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። ያ ልጅ ማስታወቂያውን የሰማው እንደዚህ ባለ ቦታ ቢሆን አይገርመኝም።

ስለ መዋጮ አትጨነቂ። ሁሉም ላይ እኩል እንድታዋጪ ማንም አይጠብቅም። የምትችዪውን፣ ቶሎ፣ ሳይጠይቁሽ። የመሥሪያ ቤት ዕቁብ ግን ደመወዝሽ ካልፈቀደ አትግቢ፣ ገብቶ ማቋረጥ ካለመግባት የባሰ ስም ያሰጣል።

ስለዚያ ልጅም አንድ ነገር ልበል። በደብዳቤሽ ውስጥ ቅሬታ አለ፣ አልፈርድብሽም። ግን እሱ የበደለሽ ነገር የለም። ደውዪለት። «እንኳን ደስ አለህ» በዪው፣ ከልብሽ። ከዚያ እንዴት እንዳወቀ፣ ምን እንዳነበበ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደጠየቁት ጠይቂው። አብራችሁ የገባችሁ ናችሁ፣ ለምን ይደብቅሻል? ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ የምታውቂው ሰው አለሽ ማለት ነው። ትናንት አልነበረሽም።

«እሱ ዘመድ አለው» የሚሉሽ ይኖራሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። ዘመድ ያለው፣ የአገር ልጅ ያለው፣ ሳይለፋ የሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ሞልቷል፣ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ያናድደኛልም። ግን ሳታረጋግጪ ይህን መልስ አትቀበዪ፣ ምክንያቱም አንዴ ከተቀበልሽው መሞከር ታቆሚያለሽ። አሁን ባለሽበት ሁኔታ ማረጋገጥ አትችዪም፤ ማስታወቂያውን አላየሽም፣ አላመለከትሽም፣ እፈልጋለሁ ብለሽ ለማንም አልተናገርሽም። ተናገሪ፣ አመልክቺ። ሁለት ሦስት ጊዜ በሚገባ አመልክተሽ፣ ለምን እንዳልሆነ ጠይቀሽ፣ መልስ የሚሰጥሽ ከጠፋ ያኔ ታውቂያለሽ። ያኔ ሌላ ባንክ ፈልጊ። ስትለቂ ደግሞ በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ፣ የያዝሽውን በዝርዝር አስረክበሽ፣ ክሊራንስሽን ጨርሰሽ፣ የሥራ ልምድሽን አጽፈሽ ውጪ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ለመጠየቅ እንዲያውም መልቀቅ አይጠበቅብሽም፣ በፈለግሽ ጊዜ ያለ ክፍያ ሊሰጡሽ ይገባል። የአዲስ አበባ ባንኮች ብዙ ይመስላሉ እንጂ ሰዉ እርስ በርሱ ይተዋወቃል።

«እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው» ተብሎ የሚነገርሽ ሁሉ ደግሞ ሕግ አይደለም። ሳታነቢ ፈርሚ ይሉሻል። አትፈርሚ። ደንበኛ «ለሻይ» ብሎ ብር ይሰጥሻል። በፈገግታ መልሺ፣ ሁሉም ቢቀበሉም። አለቃ የሆነ ሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ እራት ካልበላን እያለ ያስቸግርሽ ይሆናል። ይህ ያልተጻፈ ሕግ የሚባል ነገር ሳይሆን የተጻፈ ክልክል ነው፣ አዋጁ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ቀኑንና የተባለውን ጽፈሽ ያዢ፣ ለምታምኛት ትልቅ ሴት ባልደረባ በዚያው ዕለት ንገሪ። እዚህም ዝም አትበዪ፣ እዚህ ከሁሉም በላይ።

ያልጠቀስኩልሽ ትናንሽ ነገሮች አሉ። ጥበቃውን፣ ጽዳቷን፣ ተላላኪውን በስማቸው ጥሪ፤ እነሱ የማያውቁት የመሥሪያ ቤት ወሬ የለም፣ ከዚያም በላይ ሰላምታ ይገባቸዋል። አለቃሽ ራሳቸው «አንተ በዪኝ» እስኪሉሽ እርስዎ ማለትሽን አትተዪ። በመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትከራከሪ።

የመጨረሻው የምሳሽ ጉዳይ ነው። ምሳ ዕቃሽን አትተዪ። መርካቶ ውስጥ በየቀኑ ውጭ መብላት በጀማሪ ደመወዝ የሚቻል አይደለም፣ ከሚወጡት ውስጥም ግማሹ በብድር እየበላ ነው የሚሆነው። ግን ቅርንጫፋችሁ ውስጥ ሌላ ምሳ ቋጥሮ የሚመጣ ሰው በእርግጠኝነት አለ። ምናልባት ካዝና ያዧ፣ ምናልባት ጥበቃው፣ ምናልባት ሁለት ልጅ የምታሳድገው ያቺ ሲኒየር። ሰኞ ዕለት የት እንደሚበሉ እዪ። ምሳ ዕቃሽን ይዘሽ ሂጂና አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ክፈቺው፣ «እንብላ» በዪ። የሹሮው ሽታ የቀረውን ይሠራዋል። ቡናውን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን አንቺ ጋብዢ።